የፊስክ ሦስት ቀለሞች
ግድግዳው እንዳሻው የሚታጠፍ፣ መሐሉ ምሰሶ የሌለበት የሥዕል አዳራሽ አለ እንበል። ባሉበት ቆመው ዙሪያቸውን የሚቃኙ ስንት ጠባቂዎች ይበቁታል? ቪክቶር ክሊ ይህን የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። መልሱን ቫሽክ ኽቫታል በ1975 አሳተመ፦ የማዕዘኖቹ ብዛት ለሦስት ተካፍሎ፣ ቀሪው ተጥሎ። ባለ 12 ማዕዘን አዳራሽ ቢበዛ 4 ጠባቂ ይበቃዋል።

እኔን የሚማርከኝ ግን ስቲቭ ፊስክ በ1978 ያወጣው ማረጋገጫ ነው። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሚሰመሩ፣ እርስ በርስ በማይቋረጡ መስመሮች አዳራሹን ወደ ጎነ ሦስቶች ይከፋፍለዋል። ከዚያ የእያንዳንዱ ጎነ ሦስት ማዕዘኖች ቀለማቸው እንዲለያይ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ይቀባቸዋል፤ ይህም ሁልጊዜ ይሳካል። ጠባቂዎቹን ከሁሉ ያነሱ ማዕዘኖች በያዘው ቀለም ላይ ማቆም ነው። ያ ቀለም የማይገኝበት ጎነ ሦስት የለም፤ በጎነ ሦስት ውስጥ ደግሞ ከማዕዘኑ ላይ ሆኖ ለሚያይ የሚጋርድ ነገር የለም። አለቀ! አንድም የተንዛዛ ስሌት አላስፈለገም።

ጉድ የሚፈላው ለተሰጠን አንድ አዳራሽ ትንሹን የጠባቂ ቁጥር ፈልጉ ስንባል ነው። ለዚህ በማንኛውም አዳራሽ ላይ ፈጥኖ የሚሠራ አልጎሪዝም እስካሁን አልተገኘም።