ሕንፃን በምጣድ መለካት

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከአንዱ ብሎክ ሥር ጀበና ቡና ከምታፈላ ልጅ ዘንድ ሦስት ሆነን ዱካ ላይ ተቀምጠናል። አንደኛው ጓደኛዬ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ነው፤ ከዚህ ብዙ በማይርቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድኖች እርዳታ በተመሠረተውና ሰው ዛሬም «ሕንፃ ኮሌጅ» በሚለው ግቢ ነው የተማረው። ቀና ብሎ ብሎኩን አየና «ክብሪት ቀፎ ደርድረውልን ሄዱ» አለ። ሁለተኛው መርካቶ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። እሱን የከነከነው ቀለሙ ነው፤ «አንዴ ደህና ቀለም ቢቀባ ሌላ ሕንፃ ይመስልሃል» ይላል። የቡና አፍዪዋ እናት እዚሁ ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፤ ብሎኩ ሳይሠራ በፊትም የልደታ ሰው ነበሩ። ሁለቱንም በትዕግሥት አዳምጠው ሲያበቁ «ልጆቼ፣ ቤት በውጭ ይታያል እንዴ? እስቲ ግቡና ወጥ ቤቴን እዩልኝ» አሉ።

እኔ ከሳቸው ጋር ነኝ። ቤት ልከራይ ነው፣ ቤት ልገዛ ነው የሚል ዘመድ ሁሉ እኔን እየጎተተ መሄድ ልማዱ ነው። ባለሙያ አይደለሁም፤ ብዙ ቤት አይቼ፣ በብዙ ቤት ተታልዬ የተማርኩ ሰው ነኝ። ከተማርኩት ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ አስፋልት ማዶ ቆሞ ቀና በማለት የመኖሪያ ሕንፃ አይመዘንም። ፊቱን የምታየው ስትገባና ስትወጣ ነው፤ ቀሪው ኑሮህ ከፊቱ ጀርባ ነው።

አመዛዘኔን ከመተንተኔ በፊት ግን ለንድፉ አንድ ፍትሕ ልስጠው። በ1996 እና 1997 ዓ.ም. ገደማ፣ በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን፣ የጀርመኑ ጂቲዜድና ኤምኤች ኢንጂነሪንግ ቦሌ ገርጂ ላይ 750 ቤቶችን ለሙከራ ሲያቆሙ ቀድሞ የመጣው ጥያቄ «ካሬው በስንት ብር ይወጣል?» የሚለው ነበር። ማማር ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሶሌታው ከዳር እስከ ዳር አርማታ መሞላቱ ቀርቶ፣ ቀድመው በተዘጋጁ ቀጫጭን ቢሞች መሃል ባዶ ብሎኬት እየተሰካ ተሠራ። ግድግዳው ብሎኬት፣ በርና መስኮቱ ላሜራ፣ ወለሉ ሊሾ ሆነ። ስቱዲዮው 20 ካሬ ሜትር አይሞላም፤ ከ45 ካሬ ካለፈ ባለ ሦስት መኝታ ነው። የልደታ ብሎኮች የዚሁ አስተሳሰብ ልጆች ናቸው። ልዩነታቸው ቦታቸው ነው። የጭቃና የቀበሌ ቤቶች የነበሩበት አሮጌ ሰፈር ፈርሶ መሃል ከተማ ላይ ቆሙ። በዚህ በኩል ቤተ ክርስቲያኑ፣ በዚያ በኩል ፍርድ ቤቱ፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች በአንድ ሐዲድ ከላይ ያልፋሉ። ርካሽ ተብሎ የታሰበ ቤት ውድ መሬት ላይ ተቀምጧል። ለጓደኛዬ ክብሪት ቀፎ፣ ለሴትዮዋ ደግሞ የማይለቀቅ ቤት የሆነውም ከዚህ የተነሳ ነው።

አሁን ወደ ደረጃው። ሕንፃ ስመዝን ሁልጊዜ የምጀምረው ከእሱ ነው። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ተሸክመህ እስከ አራተኛ ፎቅ ውጣ፤ በዚህ ዓይነት ብሎክ አሳንሰር የለም፣ ውሃውም በፈረቃ ነው፣ ስለዚህ ይህ ፈተና ሳይሆን የሰፈሩ የዘወትር ሥራ ነው። እርከኖቹ ቁመታቸው እኩል ከሆነ እግርህ ራሱ ይቆጥራል። አንዱ 17 ሳንቲ ሜትር፣ ተከታዩ 19 ከሆነ ግን መብራት በጠፋ ማታ እዚያች ላይ ትደናቀፋለህ፤ ዓመቱን ሙሉ እዚያችው ላይ። አናጢው የአርማታውን ሳንቃ ሲመታ የቸኮለባት ቦታ ናት። ከዚያ መታጠፊያው ላይ ቆመህ ቁምሳጥን ይዞር እንደሆነ በዓይንህ ለካ። ቁምሳጥን በገመድ በበረንዳ የሚጎተትበት ሕንፃ ደረጃው የወደቀ ሕንፃ ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ሌላም ነገር በደረጃ ይወርዳል። መጥራቱ ደስ ባይልም፣ ሬሳ ሳጥን በአራት ሰው ትከሻ ሳያጋድል የሚዞርበት ደረጃ ሰው እንደሚኖርበትና እንደሚሞትበት ታስቦ የተሠራ ደረጃ ነው።

ልደታ ላይ የወጣሁባቸው ደረጃዎች ጎናቸው ክፍት ነው፤ አየር አለ፣ ቀን ላይ መብራት ቢጠፋም አይጨልሙም፣ የወጣና የወረደ ይታያል፣ ሰው ሰላም ይባባላል። በሐምሌ ዝናቡም አብሮ ይወጣል፣ ያዳልጣል። እኔ ግን ለዝናቡ ጫማዬን እጠርጋለሁ እንጂ በጨለማ ደረጃ አልቀይረውም።

እማማ ወዳሉን ወጥ ቤት ገባን። ሦስት ሰው አንድ ላይ አይቆምበትም፣ ስለዚህ ተራ በተራ ገባን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋቱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ እግሩንና ጠርዙን ስትጨምር ከዚያ ያልፋል። ክዳኑ ሲነሳ የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል፣ የተጋገረውን የሚቀበል ሰፌድ በቀኝ፣ የሊጥ ባልዲ በግራ መሆን አለበት፤ ጋጋሪዋም ክርኗን ዘርግታ ሊጡን ከዳር ወደ መሃል እያዞረች ማፍሰስ አለባት። ይህን ሁሉ በእጄ ስንዘር ለካሁት። አይገባም። እማማ ምጣዳቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው፣ በረንዳውን በላሜራና በመስታወት ዘግተው፣ ከላይ የጭስ መውጫ ቀደው ሌላ ወጥ ቤት ሠርተዋል። ገመዱ ከሳሎን ተስቦ በበር ሥር ያልፋል። «ምጣዱ ሲበራ ምን ይሆናል?» አልኳቸው። «ቴሌቪዥኑን እናጠፋለን፣ አለዚያ ብሬከሩ ይወርዳል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አንድ ምጣድ ከ3.5 ኪሎዋት በላይ ይጠጣል።

ንድፍ ሠሪዎቹ እንጀራን ረስተውት አይደለም። ለጋገራ፣ ለእርድና ለልብስ አጠባ ብለው በየሳይቱ ለብቻው የቆመ የጋራ መገልገያ ቤት አቅደው ነበር። ይህ ቤት ግን በብዙ ሳይት መጋዘን ወይም ጽሕፈት ቤት ሆኖ ቀረ። ምክንያቱን ለመረዳት ጥናት አያስፈልግም፤ ሊጥ በባልዲ ይዞ አራት ፎቅ ወርዶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ትኩስ እንጀራ በመሶብ ተሸክሞ መውጣትን ማሰብ ይበቃል። እንጀራ የሚጋገረው ልጅ እየታየ፣ ወጥ እየተማሰለ፣ በር ሲንኳኳ እየተከፈተ ነው። ይህን ያላየ ሰው የሣለው ወጥ ቤት፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ንጹህ ቢሆን፣ ከእኔ ነጥብ አያገኝም። ጓደኛዬ እዚህ ላይ ዝም አለ። ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጥሬዋለሁ።

ስንወጣ ግን ሌላ ክርክር ተነሳ። እሱ የተዘጉትን በረንዳዎች፣ የመስኮት ብረቶቹን፣ በየጥጉ የተቀመጡትን ሮቶዎች እያሳየኝ «አየህ፣ ነዋሪው ሕንፃውን አበላሸው» አለኝ። እኔ በተቃራኒው ነው የማየው። አንድ ሰው በረንዳውን ቢዘጋ የራሱ ጠባይ ነው፤ ከሃያ ቤት አሥራ ስምንቱ ቢዘጉት ሕንፃው ላይ የተጻፈ ግምገማ ነው። ስለዚህ ሕንፃ ለመመዘን ስትሄድ ነዋሪው የቀየረውን ቁጠር። ብረት የተበየደበት መስኮት ሌባ እንደሚፈራ ይነግርሃል። ሮቶ የተቀመጠበት በረንዳ ስለ ውሃው፣ ሳሎንና ወጥ ቤትን የሚለየው ግድግዳ የፈረሰበት ቤት ደግሞ ስለ ጠባብነቱ ይነግሩሃል። በዚህ ሕንፃ ጭነቱን የሚሸከሙት ኮለንና ቢም ናቸው፤ ብሎኬቱ መሃል ያለውን ክፍተት የሚዘጋ ነው፣ ሰው ደፍሮ የሚያፈርሰውም ለዚህ ነው። ቢሆንም በግድግዳው ውስጥ ቱቦና የመብራት መስመር ስላለ፣ ኮለኑን ነክቶ የሚያልፍ መዶሻም ስላለ፣ ሳያማክሩ ማፍረስን አላበረታታም።

ስለ ውሃና ስለ ፀሐይ አጠር አድርጌ ልበል። በረንዳው ወለል ላይ አንድ ስኒ ውሃ አፍስስና ወዴት እንደሚሄድ እይ፤ ወደ ፍሳሽ ቀዳዳው ከሄደ ለሳኙ በውሃ ልክ ሠርቷል፣ ወደ ሳሎን ከመጣ ቱንቢም ውሃ ልክም አላየም። ልስኑን በጣትህ አንኳኳ፤ እንደ ከበሮ ከጮኸ ከብሎኬቱ ተላቋል። ቤት ማየት ያለብህ በሐምሌ ነው፤ በጥር ሁሉም ቤት ደረቅ ነው። ፀሐይን በተመለከተ ደላላ የማይነግርህ ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት። ወደ ሰሜን ብቻ የሚከፈት መኝታ ቤት በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ አንዲት ጨረር አያገኝም፤ ፀሐይ ወደ እሱ ከዞረች በኋላም ብዙ ሳይቆይ ክረምቱ ይገባና ሰማዩ በደመና ይሸፈናል። ያንኑ ኪራይ ትከፍላለህ፣ ጋቢ ግን ትጨምራለህ።

ነጋዴው ጓደኛችን ይሄን ሁሉ ሲሰማ «እና ፊቱ ዋጋ የለውም?» አለ። አለው። ልደታ ራሷ ጥሩ ማስረጃ አላት፤ የስፔኑ አርክቴክት ሃቪየር ቪላልታ የነደፈው ልደታ መርካቶ የተባለው የገበያ ሕንፃ። በከተማው ሁሉ የገበያ ሕንፃ ማለት ሰማያዊ መስታወት በሆነበት ጊዜ እሱ በሀገር ልብስ ጥለት መነሻነት የተበሳሳ የአርማታ ልብስ አለበሰው፤ ብርሃንና አየር በቀዳዳዎቹ እንዲገባ። ይወደዳል አይወደድም ሌላ ክርክር ነው፤ ቢያንስ ፊቱ ሥራ አለው። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት የሕንፃዎች ፊት ሲታደስና ቀለም ሲቀባ ከተማዋ ፊቷን ታጥባለች፣ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ከኋላ የሚያፈስ ቱቦ ያለው ብሎክ ፊቱ ቢቀባ ለነዋሪው የሚቀየርለት ነገር ጥቂት ነው። ጥሩ ፊት ጥላ ይሰጣል፣ ዝናብ ይከላከላል፣ ጠብታውን ከግድግዳው አርቆ ይጥላል። የበረንዳውን ጠርዝ ከሥር ቀና ብለህ እየው፤ ውሃ የሚቆርጥ ቦይ ከሌለው በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው ላይ ጥቁር እንባ ይወርዳል፣ ቀለሙም ገንዘቡም አብሮ።

ከልደታ ብሎኮች ሁሉ የምወደውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ንድፉ ላይ «ክፍት ቦታ» ተብሎ ስለሚታለፍ ነው፤ በብሎክና በብሎክ መሃል ያለው ግቢ። ለእሱ ያለኝ መለኪያ አንድ ብቻ ነው፦ ድንኳን ይተከልበታል ወይ? ለቅሶ ሲሆን እድሩ ድንኳኑን ዘርግቶ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ሰው ሦስት ቀን የሚቀመጥበት ቦታ ከሌለ የቤት ካሬ ቢሰፋ ለእኔ ትርጉሙ ይቀንሳል። በአዘቦቱ ቀን በዚያው ቦታ በርበሬ ይሰጣል፣ ልብስ ይሰቀላል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ እናቶችም ከበረንዳ ሆነው ይጣሩበታል። አሁን አሁን መኪና እየበላው ነው። ከቅርብ የሚታዩት የሰንጋ ተራ የ40/60 ሕንፃዎች፣ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ዕጣ የወጣባቸው፣ አሳንሰርም ሰፋ ያለ ቤትም አላቸው። እዚያ ለሚኖር ዘመዴ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ፎቅ በጨመረ ቁጥር ምድሩ ላይ የሚገናኝ ሰው ይቀንሳል፣ አሳንሰሩም በመብራትና በጄኔሬተር ነዳጅ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ረጅም ሕንፃ ለመግዛት የምትሄድ ሰው ከኤጀንቱ ፊት «መብራት ሲጠፋ ስንተኛ ፎቅ ድረስ በእግሬ ነው የምወጣው፣ ነዳጁንስ ማን ይገዛል?» ብለህ ጠይቅ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበል።

ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ በረካ ስንጠጣ እማማ «እንግዲህ ፈተናውን አረማችሁ፤ ስንት አመጣሁ?» አሉ እየሳቁ። አርክቴክቱ ጓደኛዬ ከአሥር ሦስት ሰጠ፣ ነጋዴው ቀለም ከተቀባ ሰባት አለ። እኔ ስድስት ሰጥቻለሁ፤ ለደረጃው፣ ለግቢውና ለቦታው። የጎደለው አራት ሙሉ በሙሉ ወጥ ቤቱ ላይ ነው።