ፊት ያለ ስም፦ ወሎና ላስታ በፊልም ትረካ

ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼ በየዓመቱ የማቀርበው አንድ ቀላል ጥያቄ አለ። «ላስታ» ስል በዓይነ ሕሊናችሁ የሚመጣውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ እላቸዋለሁ። የሚሰጡኝ መልሶች ሁለት ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ከላይ ወደ ታች የሚታይ የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ፣ አለዚያም ዝንብ የወረረው የሕፃን ፊት። አብዛኞቹ ላስታን በእግራቸው ረግጠው አያውቁም። እኔ ግን የላስታ ልጅ ነኝና ወረቀቶቹን ሰብስቤ ሳነብ ያደግሁበትን ቀዬ ፈልጌ አጣዋለሁ። የአቡነ ዮሴፍ ውርጭ፣ የገብሱ ማሳ፣ የቅዳሜ ገበያ፣ በርስት የተካሰሱ ዘመዳሞች አንዳቸውም የሉም። ይህ ጽሑፍ እነዚያ ሁለት ምስሎች ከየት እንደመጡ ለመመርመር ይሞክራል። የሥነ ጽሑፍ መጽሔት በፊልም ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ሁለቱም ምስሎች የትረካ ውጤቶች ናቸው፤ ትረካ ደግሞ የሙያችን ድርሻ ነው።

አስቀድሜ ፊልም ስላልተነሣው ልናገር። በ1958 ዓ.ም. በዋግና በላስታ ብርቱ ረሃብ ነበረ። እኔ የተወለድሁት በዚያ ዓመት ነው፤ እናቴ ዕድሜዬን ስትጠየቅ «በክፉ ቀን» ብላ ታልፈዋለች። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጥ ባደረጉት ጥናት ውስጥ የዚያን ዘመን አንድ ታሪክ መዝግበዋል። ከወሎ፣ ከወረ ኢሉ አውራጃ የተላከው የረሃብ ሪፖርት አገር ግዛት ሚኒስቴር ከደረሰ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ እስኪገባ 302 ቀን ፈጅቷል፤ ከዚያም የወጣው ትእዛዝ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ይላክ የሚል ነበር። ይህን ባነበብሁ ቁጥር የሚገርመኝ ነገር አለ። መዝገብ ቤቱ ስም ጠየቀ እንጂ ፊት አላየም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጣው ካሜራ ደግሞ ፊት አሳየ እንጂ ስም አልጠየቀም።

ያ ካሜራ የጆናታን ዲምብልቢ ነው። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን የቀረበው የእርሱ ዘጋቢ ፊልም «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ርእስ ነበረው። የኂስ ተማሪ ከርእስ መጀመር አለበትና እንጠይቅ፤ ያልታወቀው ለማን ነው? በሬውን በእህል ዋጋ የሸጠው ገበሬ ያውቀዋል። ሙታንን የቀበረው ቄስ ያውቀዋል። መንግሥትም ያውቀው ነበር። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲያችን መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሧቸው ፎቶግራፎች በግቢው ለተመልካች ቀርበው ነበርና ተማሪዎችም ያውቁት ነበር። ስለዚህ ርእሱ ስለ ረሃቡ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ተራኪው ይነግረናል። ተራኪው የቆመው ለንደን ነው፤ ከለንደን ያልታየ ነገር ሁሉ «ያልታወቀ» ነው። ይህን የምለው ሰውዬውን ለመውቀስ አይደለም። ፊልሙ የብሪታንያን ሕዝብ አስደንግጦ ብዙ ገንዘብ አስገኝቷል፤ እህልም በዚያ ገንዘብ ተጭኖ መጥቷል። የ1958ቱ ሙታን እንዲህ ያለ ወዳጅ አላገኙም።

ነገሩ የሚያወሳስበው ፊልሙ ወደ ገዛ አገሩ ሲመለስ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ሥራ ከጀመረ ገና አሥር ዓመት ባልሞላው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም እንደገና አስቀናብሮ አሳየ። በወሎ ሬሳዎች መካከል የቤተ መንግሥቱ ድግስና ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳዩ ምስሎች ተሰኩበት። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። በአንድ ፊልም ነው የወረዱት የሚል የዋህ የለም፤ ወራት የፈጀ እንቅስቃሴ ቀድሞታል። ነገር ግን ለእኛ ለአንባቢዎች የሚበቃ ትምህርት አለው። የሩሲያው የፊልም ሰው ሌቭ ኩሌሾቭ አንዱን የተዋናይ ፊት ከሾርባ ሳሕን ቀጥሎ ሲያሳይ ተመልካቹ ረሃብ ያነብበታል፣ ከሬሳ ሣጥን ቀጥሎ ሲያሳይ ደግሞ ኀዘን ያነብበታል ያለው በወሎ ሕዝብ ፊት ላይ ተፈጸመ። ያው ሕፃን ለንደን ላይ «ማን ይርዳኝ?» ሲል አዲስ አበባ ላይ «ማን አደረገብኝ?» አለ። ሕፃኑ ግን በሁለቱም ቦታ አልተናገረም። የተናገረው አቀናባሪው ነው።

በ1977 ዓ.ም. ይኸው ተደገመ። ጥቅምት 13 ቀን ማይክል በርክ ዘግቦት ሞሐመድ አሚን በካሜራ ያነሣው፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የመጣው ዘገባ በቢቢሲ ተላለፈ፤ ከዚያም በዓለም ዙሪያ ከ400 በሚበልጡ ጣቢያዎች ታየ። ዘገባው ትዕይንቱን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ጋር በማመሳሰል ይከፈታል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ጋቢ የለበሰ ሕዝብ በንጋት ጭጋግ ውስጥ ሲታይ ለፈረንጁ ዓይን ኦሪትን ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም መቼቱ ኦሪት የሆነ ረሃብ ምክንያት አያሻውም። የእግዚአብሔር ቁጣ ይበቃዋል። በሰሜን ይካሄድ የነበረው ጦርነት፣ ከወር በፊት በአዲስ አበባ የተከበረው የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል፣ የእህል ኮታው፣ ይህ ሁሉ ከመቼቱ ውጭ ይቀራል። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ በተደረገው የላይቭ ኤይድ ዝግጅት ላይ ደግሞ የካናዳ ቴሌቪዥን ያነሣቸው የረሃብተኞች ምስሎች ዘ ካርስ በተባለው የአሜሪካ ጓድ ዘፈን ላይ ተቀናብረው ቀረቡ። ዘፈኑ ስለ ፍቅረኛሞች ችግር ነው። ከወሎ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። ዓለም ግን አለቀሰ፤ ገንዘቡም ጎረፈ።

በሌላው ላይ ጣት ስቀስር የራሴን መሸሸግ የለብኝም። ሁለተኛ ደረጃ ስማር ስለ ሕንድ አገር የነበረኝ እውቀት በሙሉ ከሕንድ ፊልም የተቀዳ ነበር። ሕንዳዊ ማለት በዝናብ ውስጥ የሚዘፍን፣ እናቱን በመጨረሻው ሰዓት የሚያገኝ ሰው ነበር። ሒሳብ ያስተምሩን የነበሩት ሕንዳዊ መምህር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሲያንጎራጉሩ አልሰማናቸውም። ከፊልሙ ጋር የማይስማሙት እርሳቸው ነበሩና «እኒህስ ሕንድ አይመስሉም» እንል ነበር። በሥጋ ቆሞ የሚያስተምረንን ሰው ትተን ሸራውን አመንን። ዛሬ የተማሪዎቼ ሕንድ ቱርክ ሆናለች፤ በአማርኛ ድምፅ የሚቀርቡት ተከታታይ ድራማዎች ከመጡ ወዲህ ስለ ኢስታንቡል የባሕር ዳር ቪላ የሚነግሩኝ ስለ ሰቆጣ መንገድ ከሚነግሩኝ ይበዛሉ።

ወደ ሁለተኛው ምስል ልምጣ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ጀምሮ ካሜራ ተለይቷቸው አያውቅም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአንድ የዕረፍት ወቅት ለአንድ የውጭ ፊልም ቡድን በአስተርጓሚነት ሠርቼ ነበር። አንዲት ሴት በቢጫ ጀሪካን ውሃ ይዛ በፊታችን አለፈች። አንሺው ጀሪካኑን አልወደደውም፤ እንሥራ ይፈለግ አለ። ሰፈሩን ሁሉ አስሰን አንድ ቤት ጓዳ ውስጥ ተደፍቶ የኖረ እንሥራ አገኘን። ሴትዮዋ እንሥራውን ተቀብላ «ውሃ ይጨመርበት ወይስ ባዶውን?» ብላ ጠየቀችኝ። ተረጎምሁ። ክብደቱ በፊልም ስለማይታይ ባዶውን ይበቃል ተባለ። እርሷም ባዶውን አዝላ፣ ጎንበስ ብላ እንደከበዳት እያደረገች፣ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። የኮንጎ ጫማዋንም እንድታወልቅ የነገርኋት እኔ ነኝ። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም።

በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ግዙፍ መጠለያዎች ቤተ መድኃኔ ዓለምንና ሌሎቹን ሸፈኑ። ብረቱ ለዓይን ደስ አይልም፤ የከተማው ሰውም ለመሠረቱ ጠንቅ ይሆናል ብሎ ሲያጉረመርም ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ባየኋቸው ፊልሞች ካሜራው ብረቱን እየሸሸ ክፍት ወደ ቀረው ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ይሮጣል። የተማሪዎቼ አንድ ጣሪያ የመጣውም ከዚህ ይመስለኛል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ወደ ከተማይቱ ሲገባ እንኳ ያየኋቸው ዘገባዎች የሚከፈቱት በዚያው ጣሪያ ነበር። ሰው ተሰድዶ፣ ባንክና ስልክ ተቋርጦ፣ ታሪኩ ስለ ድንጋዩ ደኅንነት ሆነ።

እንግዲህ የረሃቡ ፊልምና የተአምሩ ፊልም በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ሁለቱም ዘመን የላቸውም። በአንደኛው ላስታ ሁልጊዜ ይራባል፣ በሁለተኛው ሁልጊዜ ይጸልያል። ግብር የሚከፍል፣ ከቀበሌ ጋር የሚጨቃጨቅ፣ ልጁን ወልድያ ልኮ የቤት ኪራይ የሚያስብ ገጸ ባሕርይ በአንዳቸውም ውስጥ የለም።

ሌላ ዓይነት ፊልም ሊኖር እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኃይሌ ገሪማ «ምርት፦ ሦስት ሺህ ዓመት»ን ያነሣው በዚያው በ1966 ዓ.ም. የለውጥ ወራት ሲሆን ለእይታ የበቃው በ1968 ዓ.ም. ነው። በጥቁርና ነጭ የተነሣ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም ነው። ገበሬው በአማርኛ ይናገራል፣ ይቆጣል፣ ሕልም ያልማል፤ ባለመሬቱም ይሰድበዋል። ሁልጊዜ ሳሳየው ከተማሪዎቼ እኩሌታው ያንቀላፋሉ። እውነት ነው፣ እርሻው ይረዝማል። እኔም አንዳንዱ ትዕይንት ቢያጥር እወድድ ነበር። ነገር ግን ከፊልሙ ሲወጡ «እነዚያ ሰዎች» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ «ሰውዬው» ወይም «ያቺ ልጅ» ነው የሚሉት። ገበሬው በገዛ አፉ ስለሚናገር በነጠላ ያስታውሱታል።

በመጨረሻ ከክፍል ውጭ የገጠመኝን ልጨምር። በ1966 ዓ.ም. የእናቴ ታናሽ ወንድም እህል ፍለጋ ወደ ቆቦ ወርዶ ነበር፤ አልተመለሰም። በ1992 ዓ.ም. ስለ ረሃቡ ከተነሡት ፊልሞች አንዱን በቪዲዮ ካሴት ይዤ ላሊበላ ከተማ ውስጥ በሚገኝ የዘመድ ቤት ከእናቴ ጋር አየነው። እንዳላሳዝናት ፈርቼ ነበር። እርሷ ግን አላለቀሰችም። ወደ መስተዋቱ ተጠግታ እያንዳንዱን ሰው ትመረምር ጀመር። አንዲት አሮጊት ለካሜራው አንድ ነገር ስትናገር የእንግሊዝኛው ድምፅ በላይዋ ላይ መጣ። እኔ ይህን ፊልም ስንት ጊዜ አስተምሬበታለሁ፤ ከእንግሊዝኛው ሥር አማርኛ እንዳለ ልብ ብዬ አላውቅም።

«ይኼን ሰውዬ ዝም በለው እስቲ» አለችኝ። «ሴትዮዋ ምን እያለች ነው?»

ድምፁን ብጨምረው እንግሊዝኛው ጨመረ፤ ብቀንሰው ሁለቱም ጠፉ። ሦስት ጊዜ መለስሁት። በሦስተኛው «የማን ልጅ» የሚል የሰማች መሰላት። ከዚያም ከአሮጊቷ ኋላ ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ ወጣት አሳየችኝ።

«ወንድምዓለም እንዲህ ነበር የሚቀመጥ» አለች። «እስኪዞር ጠብቅ።»

ምስሉ ወደ ሌላ ቦታ ተቆረጠ። እንደገና እንድመልሰው ጠየቀችኝ።