የምርኮኛው እርሳስ፦ የጦር ምርኮኞች ሥዕላዊ ትዝታዎች በታሪክ ማስረጃነታቸው ሲመዘኑ

የጦር ምርኮኛ ትዝታ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ባለታሪኩ ነፃ ከወጣ በኋላ ነው። በምርኮ ሰፈር ውስጥ የተሠራ ሥዕል ሲታከልበት ግን መጽሐፉ የሁለት ዘመን ምስክር ይሆናል። እንዲህ ያለውን ድርሰት ለታሪክ ማስተማሪያነት የሚመርጥ መምህር ይህንን ልዩነት አስቀድሞ መገንዘብ ይኖርበታል።

ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የሚሆነው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሮናልድ ሰርል እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው «ወደ ክዋይ ደርሶ መልስ» የተሰኘው መጽሐፍ ነው። ሰርል በ1942 ሲንጋፖር በጃፓን ጦር እጅ ስትወድቅ ተማርኮ በቻንጊ ከቆየ በኋላ፣ በ1943 ታይላንድን ከበርማ ወደሚያገናኘው የምድር ባቡር ሥራ ተላከ። 415 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ሐዲድ በኦክቶበር 1943 እስኪገጣጠም ድረስ በሥራው ከተሰማሩት ከ60,000 የሚበልጡ የቃል ኪዳን አገሮች ምርኮኞች መካከል ከ12,000 የማያንሱት አልቀዋል።

ሰርል ሲሥል ቢያዝ ከባድ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። በመሆኑም ሥዕሎቹን በኮሌራ በሚያጣጥሩ ጓዶቹ መኝታ ሥር ይደብቃቸው ነበር፤ ጠባቂዎቹ በሽታውን ስለሚፈሩ ወደዚያ አይጠጉምና። ከእነዚህ ሥዕሎች 300 ያህሉ ተርፈው ዛሬ በለንደኑ የኢምፔሪያል ጦርነት ሙዚየም ይገኛሉ።

የመጽሐፉ ዋና ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። በ1943 እርሳሱን የያዘው ወጣት በማግሥቱ በሕይወት መኖሩን አያውቅም፤ በ1986 የጻፈው ሰው ግን መትረፉን ያውቃል። የሟቹን ገጽታ የሚያሳዩት መስመሮች የአንባቢን ርኅራኄ አይለምኑም፤ ያዩትን ብቻ ይመዘግባሉ። ስለዚህ ጽሑፉና ሥዕሉ ሲለያዩ ተማሪው አንዱን በሌላው መመርመር ይችላል።

አውስትራሊያዊው መርከበኛ ሬይ ፓርኪን በ1963 ያሳተመው የዚያው ሐዲድ ትዝታ ሌላ መንገድ ይከተላል። ፓርኪን የሰውን ስቃይ ብቻ ሳይሆን የጫካውን ዕፅዋትና ነፍሳት ጭምር በጥንቃቄ ሥሏል። ይህ ከመከራው መሸሽ የሚመስለው አንባቢ ሊኖር ይችላል። ሆኖም አእምሮን ከባርነት ማዳን ራሱ የምርኮኛ ታሪክ አካል በመሆኑ ወቀሳው ሚዛን አይደፋም።

የእነዚህ መጻሕፍት ትልቁ ጉድለት በዝምታቸው በኩል ይታያል። በሐዲዱ ላይ የሠሩት ታሚሎች፣ በርማውያን፣ ማላዮችና ጃቫውያን በቁጥር ከምርኮኞቹ እጅግ የበለጡ ሲሆኑ፣ ሟቾቻቸውም በብዙ እጥፍ የላቁ ነበሩ። ነገር ግን በራሳቸው እጅ የተሣለና የተጻፈ ያስተላለፉት ጥቂት ነው። ይህ የሠዓልያኑ ጥፋት ነው ማለት አይቻልም፤ እያንዳንዱ የቻለውን ከቆመበት ሥፍራ መስክሯል። ጥፋት የሚሆነው አንባቢው ያልተሣለውን ሰው እንዳልነበረ ሲቆጥር ነው።

ከዚህ በመነሣት መምህሩ በእያንዳንዱ ሥዕል ፊት ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይገባዋል፦ መቼ ተሣለ? እንዴት ተጠበቀ? በሥዕሉ ውስጥ የሌለው ማን ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች መጻሕፍቱ ራሳቸው ይመልሳሉ። ሦስተኛው ግን ተማሪውን ከመጽሐፉ ውጭ ወዳለው ታሪክ ይመራዋል፤ የትምህርቱም ፍሬ የሚለካው በዚሁ ነው።