ላቬንደር በአውሮፓ ሞኖግራፍ፣ ጤና አዳም በአቃቂ ቃሊቲ

የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ የዕፅዋት መድኃኒቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ላቬንደር አበባና ዘይት ያጸደቃቸው ሞኖግራፎች በቁጥብነታቸው የሚመሰገኑ ናቸው። ተክሉ ቀላል የአእምሮ ውጥረትንና ድካምን እንደሚያስታግስ፣ እንቅልፍንም እንደሚያግዝ ሲገልጹ መሠረታቸው የረጅም ዘመን ልማድ መሆኑን አይሸሽጉም። በአፍ የሚወሰደው ዘይት በቀን ከ20 እስከ 80 ሚሊ ግራም ተወስኗል። ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አይመከርም፤ በቂ መረጃ ስለሌለ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናትም እንዲሁ።

በእኛ ዘንድ ስለ ዕፅዋት የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ የሚጎድለው ይኸው ነው። ጤና አዳም "ለሆድ ቁርጠት ይበጃል" ተብሎ ይወደሳል፤ ለስንት ዓመት ልጅ፣ ስንት ቅጠል፣ ለስንት ቀን የሚለው ግን አይነገርም። ተክሉ ማሕፀንን የማኮማተር ባሕርይ ስላለው ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቆስላል። ይህን ሳይጠቅሱ ጥቅም መዘርዘር ማስታወቂያ እንጂ የሕክምና ጽሑፍ ሊባል አይገባውም።

ይሁን እንጂ የአውሮፓው ሰነድ አቃቂ ቃሊቲ ላይ ሲነበብ የራሱ ክፍተት ይታይበታል። ደህንነትን የሚመዝነው ጥራቱ ተመርምሮ የታሸገን ምርት ታሳቢ አድርጎ ነው። የክፍለ ከተማው ነዋሪ ግን ቅጠሉን ከጓሮው ይቀጥፋል ወይም ከጉሊት ይገዛል፤ በምን ውኃ እንደበቀለ የሚነግረው የለም። የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ በሚገባባቸው የአቃቂ ወንዞች ዳር አትክልት በመስኖ ይለማል። ፍስሃ ኢታናም እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የሚመረቱ ቅጠላማ አትክልቶች የያዙትን የብረት ማዕድናት ከጤና ጉዳት አንጻር መርምረው አሳትመዋል። ካድሚየምን የመሰለ ብረት በማፍላትም በማድረቅም አይጠፋም። በእንፋሎት የሚጣራ ዘይት ብረቱን በአመዛኙ ከቅጠሉ ጋር ትቶት ይወጣል፤ ተጨምቆ የሚጠጣ ቅጠል ግን ይህ ዕድል የለውም።

በእርግጥ ቡና ላይ የምትጣል አንዲት ቀንበጥ ከአንድ ሳህን ቆስጣ ጋር አትነጻጸርም፤ ሥጋቱን ማጋነን አያሻም። በየዕለቱ ጭማቂ የሚሰጠው ሕፃን ጉዳይ ግን የተለየ ነው፤ ክብደቱ ጥቂት፣ ኩላሊቱም ገና ያልጠና ነውና። በጤና ጣቢያ የታካሚ ታሪክ ሲወሰድ "የባህል መድኃኒት ተወስዷል" ብሎ መመዝገብ ስለማይበቃ፣ የተክሉ ስም፣ መጠኑ፣ የተወሰደበት ጊዜና የበቀለበት ቦታ አብረው ሊጠየቁ ይገባል።