የሙሽራው መዝገብ

ሰሞኑን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ መቼም ደግ ወሬ አያመጣምና ልቤን ይዤ አነሣሁት። ከወደ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። የሞተ ሰው የለም። ሊያገባ ያሰበ ሰው ግን አለ።

«ልጄን የጠየቃት ሰውዬ ወንጀለኛ ሆኖ ተገኘልህ!» አለችኝ።

«ምን አደረገ እትዬ? ሰው ገደለ?»

«ሰውማ አልገደለም። ፋይል አለው። አራት ፋይል!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው፣ እትዬና የማኅበር ጓደኞቿ ቡና እየጠጡ የሰውዬውን ስም የፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ያስገቡታል። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ መዝገባቸውን በኢንተርኔት ለሕዝብ ከፍተዋል። «ኬዝ ሰርች» ይሉታል። ገንዘብ አይከፈልበትም፤ ማነህ፣ ለምን ፈለግኸው ብሎ የሚጠይቅም የለም። ስም ትጽፋለህ፤ የትራፊክ ክስ፣ የቤት ኪራይ ክርክር፣ ወንጀል፣ ብዙው ተዘርግፎ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ የተከሰሰበት ጉዳይና የነገሩ መጨረሻም አብሮ ይወጣል።

እነ እትዬ ያገኙት አራት ነገር ነው። አንደኛው ከተወሰነው ፍጥነት በላይ መንዳት። ሁለተኛው ባልቲሞር ላይ ደግሞ በፍጥነት መንዳት። ሦስተኛው የቤት ኪራይ ባለመክፈል በአከራይ መከሰስ። አራተኛው፣ ቡናውን ያስተወው፣ በታገደ መንጃ ፈቃድ ሲነዳ መያዝ። ይሄኛው እዚያ አገር እስር ቤት ሊያስገባ የሚችል ጥፋት ነው።

«አንተ የተማርክ ነህ፤ አንብበው እስቲ» ብላ ላከችልኝ። እኔም እንቅልፌ ጠፍቶ ነበርና መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩ።

ድሮ በእኛ አገር ለጋብቻ የሚጠየቀው ሌላ ነበር። ዘሩ ማን ነው? እስከ ሰባት ቤት ይዛመዱ ይሆን? እናቱ ምን ዓይነት ሴት ናት? ሽማግሌ ይላካል፣ ጎረቤት ይጠየቃል፣ የንስሐ አባቱ ቃል ይሰማል። ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ የተዋረደበት፣ በዘሩና በእጁ ሥራ የተናቀበት አጠያየቅ ነው፤ አላወድሰውም። አንድ ነገር ግን ነበረው። መልሱን የሚሰጠው ሰውየውን የሚያውቅ ሰው ነው። «አዎ፣ አንድ ጊዜ ተከስሶ ነበር፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው» የሚል አፍ ነበረው። ስክሪኑ «ነገሩ ግን» አይልም።

ለብዙ ዓመታት ተማሪዎቼን ልብ ወለድ ሳስነብብ የምጨቀጭቃቸው አንድ ነገር ነበር፤ ገጸ ባሕሪውን ከመፍረዳችሁ በፊት ስንት ገጽ እንደተሰጣችሁ ቁጠሩ እላቸው ነበር። ለዚህ ሙሽራ የተሰጠው አራት መስመር ነው። ሲነዳ የት እየሄደ እንደነበር አይታወቅም። ኪራዩ ለምን እንደዘገየ አይታወቅም። የኪራዩ ክስ መጨረሻ ላይ የተጻፈውን ግን ማየት ይቻል ነበር፤ ክሱ ተዘግቷል። በዚያ አገር ኪራይ ሲዘገይ አከራዮች እንደ ደንበኛ ሥራ ክስ ያስገባሉ፤ ተከራዩ ከፈለ ማለት ነገሩ አበቃ ማለት ነው። እነ እትዬ «ተከሰሰ» የሚለውን አንብበው ሰልፋቸውን አሳመሩ፤ «ተዘጋ» የሚለው ድረስ አልወረዱም።

አራተኛው ግን አሳሰበኝ። ደወልኩላት።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ የአንድ ሰው መሆኑን በምን አወቃችሁ?»

«ስሙ ነዋ! የአባቱም ስም ያው ነው። የትውልድ ቀኑም ጃንዋሪ 1። ልጅቷ ራሷ ታውቀዋለች፣ ልደቱ ጃንዋሪ 1 ነው።»

እዚህ ላይ ሳልወድ ሳቅኩ። ሰውዬው ስሙ ከአበበ ከበደ ብዙ የራቀ አይደለም። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱን ስም ከአባቱ ስም ጋር አስከትሎ ይሄዳል። የስማችን ብዛት ደግሞ የታወቀ ነው፤ ተስፋዬና ሰለሞን፣ ከበደና አበበ እየተገለባበጥን ስንኖር ኖረናል። ለእንግሊዝኛ ፊደል ሲገለበጥ አንዱ በሁለት «ኢ»፣ ሌላው በአንድ ይጽፈዋል፤ አንዳንዴም ያው አንድ ሰው በሁለት ዓይነት ይጻፋል። በስደት የሄደ ሰው ደግሞ የትውልድ ቀኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ስለማይኖረው፣ ቅጹን የሚሞላው ሠራተኛ ጃንዋሪ 1 ብሎ ያልፈዋል። ስንቱ ሶማሌ፣ ስንቱ ኤርትራዊ፣ ስንቱ የእኛ ሰው በአንድ ቀን ተወልዷል! ማሽኑ «ስምና ቀን ገጠመ» ሲል እውነቱን ነው። የገጠመው የስደተኛ ቅጽ ነው።

«እትዬ፣ ዓመተ ምሕረቱን እዪው።»

ዝም አለች። ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። የባልቲሞሩና የታገደው መንጃ ፈቃድ ባለቤት ከሙሽራው በአሥራ አንድ ዓመት ያንሳል። ሌላ ሰው ነው።

አሁን ነገሩን ወደዚህ ላምጣው። የአክስቴ ልጅ በደወለችበት ወር እኔ ደግሞ አሮጊቷን መኪናዬን ለዓመታዊ ምርመራ ወስጃት ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ መስኮት ላይ፣ «ያልተከፈለ ክስ አለብዎት» ተባልኩ።

«የምን ክስ?»

«ሲስተሙ ላይ አለ።»

«የት ቦታ ነው? ማን ነው የጻፈው?»

«እሱን ሲስተሙ አይልም።»

ልጅቷ ትሑት ናት፤ ለምኛት ቀኑን ነገረችኝ። በዚያ ቀን ባሕር ዳር ለቅሶ ላይ ነበርኩ፤ መኪናዋ ግቢዬ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። አንድ የሰሌዳ ቁጥር ተሳስቶ ይሆናል። ወረቀቱን ላየው አልኩ። መዝገብ ክፍል ይጠይቁ ተባልኩ። መዝገብ ክፍል የቆየ ወረቀት እዚያ እንደማይቀመጥ ነግሮኝ ወደ መስኮቱ መለሰኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ጎረምሳ፣ «ጋሼ፣ ይክፈሉና እንገላገል» አለኝ። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም። ከፈልኩ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱን አገር ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። እዚያ የሰውየውን ክስ ቡና የሚጠጣ ሁሉ ያየዋል። እዚህ የራሴን ክስ እኔ ራሴ ማየት አልቻልኩም።

ቋንቋችን ራሱ የሚመሰክረው ነገር አለ። የዋሽንግተን አካባቢ አበሻ «ቲኬት ተሰጠኝ» ይላል፤ ሲኒማ የሚገባ ይመስል። እኛ «ክስ ጻፈብኝ» እንላለን። ቃሉ ከባድ ነው። ክስ ካለ ከሳሽ አለ፣ ተከሳሽ አለ፣ መሐል የሚቀመጥ ዳኛ አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መልስ አለ። እኛ ግን «ተከሰስኩ» ስንል «ተቀጣሁ» ማለታችን ነው። ቃሉ ቀርቶልናል፤ መልሱ ከመሐል ወድቋል። ዛሬ ቅጣትን በስልክ መክፈል ተችሏል፤ ጥሩ ነው፣ ከሰልፍ ይገላግላል። ግን ልብ በሉ፣ ቴክኖሎጂው ፈጥኖ የደረሰው ለመክፈል ነው። ለማየትና ለመከራከር ሲሆን «ሲስተም የለም» እንባላለን።

ይህ መሸፋፈን የአበሻ ባሕል ነው የሚለኝ ካለ አልቀበለውም። የእኛ ሙግት ድሮ ዛፍ ሥር፣ በአደባባይ ነበር። ተሟጋች «በላ ልበልሃ» ብሎ ሲነሣ የሰፈሩ ሰው ከብቦ ያደምጣል። መንገደኛ እንኳ «በሕግ አምላክ» ተብሎ ይቆምና በማያውቀው ሰው ነገር ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ባለዕዳና አበዳሪ በቁራኛ ተሳስረው ገበያ መሐል ሲያልፉ አገር ያያል። ዳኛውም ይታያል፤ ያደላ እንደሆነ ሕዝቡ ሰምቶታል። ይህ አደባባይ ግን ሁለት ጠባይ ነበረው። ሁሉም ይሰማል፤ ቀስ በቀስም ይረሳል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል ሁልጊዜ ለመጽሐፍ ምስጋና ሆኖ ይጠቀሳል። ለተከሰሰ ሰው ግን መረሳቱም ምሕረት ነበር። ዛፉ ሥር የተዋረደ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ቀና ብሎ ይሄዳል። ኮምፒዩተር አይረሳም፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ጎረቤትህ ስምህን ሲጽፍ ትናንት እንደሆነ አድርጎ ያወጣዋል።

ታዲያ የፍርድ ቤት መዝገብ መከፈቱ ለምን ይጠቅማል? መልሱን ከዚያው ከአሜሪካ ልውሰድ። ሚዙሪ ውስጥ ፈርጉሰን የምትባል ሃያ አንድ ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ትንሽ ከተማ አለች። አንድ ጥቁር ወጣት በፖሊስ ተገድሎ ከተማዋ ከተናወጠች በኋላ፣ የፌዴራሉ የፍትሕ ሚኒስቴር ገብቶ መዝገቧን መረመረ። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2014 ማብቂያ ላይ የዚያች ከተማ ፍርድ ቤት ያወጣው የመያዣ ትእዛዝ ያለባቸው ሰዎች ከ16,000 በላይ እንደነበሩ ገለጸ። ብዙው ነገር የጀመረው ከመኪና ማቆምና ከትራፊክ ጥፋት ነው። የከተማዋ ሹማምንት ከቅጣት የሚገባው ገቢ እንዲያድግ የፖሊስ አዛዡን ሲወተውቱ የተጻጻፉት ደብዳቤም ተገኘ። አንድ የትራፊክ ክስ ብቻውን ስለ ሾፌሩ ይናገራል፤ አሥር ሺው አንድ ላይ ሲነበብ ስለ ቀጪው ይናገራል። የተከፈተ መዝገብ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

የሥልጣን ሰውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። በዚያው በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በማርች 2018 የፖሊሶች ስም ከመዝገቡ ላይ ድንገት ጠፋ። ጋዜጠኛውም ጠበቃውም ሲጮኽ በቀናት ውስጥ ተመለሰ። የኪራይ ተከሳሹ ስም ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

እኛ ዘንድ ሕግ የለም እንዳልል ሕግ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክርክር በግልጽ ችሎት እንዲሰማ ይደነግጋል፤ መረጃ የማግኘትንም የግል ሕይወት የመከበርንም መብት አስቀምጧል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የማስተካከል መብት ሰጥቶታል። ሥራም ተሠርቷል፤ አዋጅ 454/1997 የሰበር ሰሚ ችሎትን የሕግ ትርጉም በየደረጃው ባሉ ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ካደረገ ወዲህ ውሳኔዎቹ በጥራዝ በጥራዝ እየታተሙ ወጥተዋል። የሕግ ተማሪም ነገረ ፈጅም ይጠቅሳቸዋል። ከላይ ያለው ችሎት ይነበባል ማለት ነው። የማይነበበው ታች ያለው፣ የተርታው ሰው መስኮት ነው።

ያቺ ትሑት ልጅ ስክሪኑን ግማሽ ዙር ወደ እኔ ብታዞረው አዋጅ አይጣስም ነበር። ስሜ ነው፣ ሰሌዳዬ ነው፣ ገንዘቤ ነው።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው። አንደኛ፣ ባለጉዳዩ የራሱን መዝገብ ያለ ምልጃ ይይ፤ የጻፈው ማን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደሆነም ይነገረው። ሁለተኛ፣ የፈረደና የቀጣ ባለሥልጣን ሥራው ለሁሉም ይከፈት፤ ስንት ቀጣ፣ የት ቀጣ፣ ገንዘቡስ የት ገባ የሚለው ይታወቅ። ሦስተኛ፣ የተርታው ሰው ትንንሽ ጥፋት ቅጣቱ ከተከፈለ በኋላ የመረሳት ቀን ይኑረው፤ በነፃ የተለቀቀና ክሱ የተዘጋለትማ ጭራሽ ለወሬ አይሰጥ። እኛ መዝገባችንን ገና ወደ ኮምፒዩተር እያስገባን ስለሆነ፣ ሜሪላንድ ከከፈተች በኋላ የምትጨነቅበትን እኛ ሳንከፍት ልናስብበት እንችላለን። የምፈራው ግን ከሁለቱም ክፉውን እንዳንመርጥ ነው፤ ሰውየው ለጎረቤቱ ገሃድ፣ መሥሪያ ቤቱ ለሰውየው ጨለማ።

ለእትዬ በማግሥቱ መልሼ ደወልኩ።

«ሰውየውን ራሱን ጠየቅሽው?» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

«እንዲህ አገኘን፣ ምንድን ነው ነገሩ ብለሽ።»

ጠየቀችው። በፍጥነት መንዳቱን አመነ፤ ቅጣቱን ከፍሏል። ኪራዩን ሲያዘገይ ሥራ የፈታበት ወቅት እንደነበር ነገራት። የባልቲሞሩን ሰው ደግሞ ከእሷ በፊት ያውቀዋል። በዚያ ስመ ሞክሼ የተነሣ አንድ ሥራ ሳይቀጠር ቀርቷል፤ ማስረጃውን ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ይዞ ይዞራል። አውጥቶ አሳያት። እሷም፣ «እኔን ካሳፈረኝ የባሰ፣ ልጁ ወረቀቱን ለማውጣት መፍጠኑ» አለችኝ። ሽማግሌዎቹ ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጥረዋል።

እኔም ያልነዳሁበትን ቀን ቅጣት ደረሰኝ መኪናዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ምን እንደሚያረጋግጥልኝ ባላውቅም፣ ከዚያ መስኮት በእጄ ይዤ የወጣሁት ብቸኛ ወረቀት እሱ ነው።