የተገዛና የታደለ

ሁለት ቁጥሮች ላስቀድም፤ 306,881 እና 307,217። የመጀመሪያው፣ ኒው ሚዩዚካል ኤክስፕሬስ የሚባለው የእንግሊዞች የሙዚቃ ሳምንታዊ እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያ አጋማሽ በየሳምንቱ ይሸጠው የነበረው ቅጂ ነው። ሁለተኛው ያው ሳምንታዊ ከ52 ዓመት በኋላ፣ በ2016 መጀመሪያ ላይ ይፋ ያደረገው ስርጭት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ልዩነቱ 336 ቅጂ ብቻ ቢሆንም ክብረ ወሰን ክብረ ወሰን ነውና ባለቤቶቹ በታሪካችን ከፍተኛው ስርጭት ብለው አስነገሩ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ማርች 2018 ላይ፣ ሳምንታዊው ኅትመት ተዘጋ።

በታሪኩ አይቶት የማያውቀውን ያህል ቅጂ የሚያሰራጭ ጋዜጣ እንዴት ይሞታል? መልሱ አጭር ነው። የ1964ቱ ሦስት መቶ ሺህ ገዢ ነበር። የ2016ቱ ሦስት መቶ ሺህ ባቡር ጣቢያ ላይ የታደለው ነው። እኔን ያስገረመኝ ግን መልሱ ሳይሆን፣ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ገዢው ለዚያ ጋዜጣ ያደረገለት ነገር ነው። ሳንቲሙን ብቻ አይደለም የሰጠው።

ከመነሻው እንጀምር። ጋዜጣው ሲወለድ የተከበረ ነገር አልነበረም። አኮርዲዮን ለሚጫወቱ ሰዎች ይታተም የነበረና ሊዘጋ የደረሰ ሳምንታዊ ነበር፤ ሞሪስ ኪን የሚባል የለንደን የሙዚቃ ዝግጅት አቅራቢ በ1952 በ1,000 ፓውንድ ገዛው። ስሙ ላይ “አዲስ” የሚል ቃል ጨመረበት። ሰዉ በሦስት ፊደል አሳጥሮ ኤንኤምኢ ይለዋል፤ ቶሎ ሲጠራ በእንግሊዝኛ “ጠላት” ከሚለው ቃል ጋር ይመሳሰላል። በኋላ የመጡት ጸሐፊዎቹ ይህን መመሳሰል ሳይወዱት አልቀሩም።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 14 ቀን ጋዜጣው ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ለብሪታንያ አስተዋወቀ፤ በሽያጭ ብዛት የተደረደረ የዘፈኖች ሰንጠረዥ። ሐሳቡ የመጣው ከሙዚቃ ሐያሲ አይደለም፤ የማስታወቂያ ሥራውን ይመራ ከነበረው ከፐርሲ ዲኪንስ ነው። ሰውዬው የአሜሪካኖቹን ቢልቦርድ አይቶ፣ ወደ 20 ለሚሆኑ የሸክላ መሸጫ ሱቆች ስልክ እየደወለ “በዚህ ሳምንት ምን ተሸጠላችሁ?” እያለ ጠየቀ፤ ደመረ፤ ደረደረ። የመጀመሪያው ሰንጠረዥ “አሥራ ሁለቱ” ቢባልም እኩል የወጡ ስለነበሩ 15 ሸክላ ነው የያዘው። አንደኛ የወጣው ጣሊያናዊ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ዘፋኝ አል ማርቲኖ ሲሆን፣ ለዘጠኝ ሳምንት ከቦታው የነቀነቀው አልነበረም። የሸክላ ኩባንያዎች ስማቸውን ሰንጠረዡ ላይ ሲያዩ ማስታወቂያ ይዘው መጡ። ዲኪንስም የፈለገው ይህንኑ ነበር።

ይህን የማነሣው ስለዚህ ጋዜጣ የሚጻፈው ነገር ብዙ ጊዜ “ድሮ ንጹሕ ነበር፤ ኋላ ማስታወቂያ አበላሸው” የሚል ለቅሶ ስለሚሆን ነው። አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስታወቂያ እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። የ1964ቱ 306,881 ቅጂም ለድንቅ ጽሑፍ የተከፈለ አልነበረም። ቢትልሶች አገሩን ያበዱበት ዘመን ነው፤ ልጃገረዶቹና ጎረምሶቹ የሚገዙት የዘፋኞቹን ፎቶና ወሬ ነበር። ጽሑፉ ለስላሳ፣ ሁሉንም የሚያሞጋግስ፣ ማንንም የማያስቀይም ነበር። አንባቢው ድምፅ ይሰጣል፤ ያሸነፉት በየዓመቱ ዌምብሌይ አዳራሽ ይዘፍኑለታል። ቢትልሶች በብሪታንያ ትኬት ለቆረጠ ሕዝብ ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወቱት በዚሁ የአሸናፊዎች ዝግጅት ላይ፣ ሜይ 1 ቀን 1966 ነው።

ቁም ነገሩ የመጣው ገበያው ሲወድቅ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንባቢው አድጎ ነበር፤ ጋዜጣው ግን አላደገም። ተቀናቃኙ ሜሎዲ ሜከር ጥሎት ሄደ። የባለቤቱ ኩባንያ አለቆች በ1972 “ወይ አንሡት ወይ እንዘጋዋለን” አሉ። አዘጋጆቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ከለንደን የድብቅ ጋዜጦች፣ ጸጉራቸውን ካስረዘሙና ከፖሊስ ጋር ከሚጋጩት ዘንድ፣ ጸሐፊ ቀጠሩ። ኒክ ኬንትና ቻርልስ ሻር መሪ እንዲህ ነው የመጡት። በ1976 ደግሞ ወጣት ጸሐፊ እንፈልጋለን የሚል ማስታወቂያ ወጣ፤ ከአመልካቾቹ መካከል ጂን ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ቶኒ ፓርሰንስና የ17 ዓመቷ ጁሊ በርችል ተመረጡ። ፓንክ የሚባለው ጩኸት ሲነሣ ስለ ፓንክ የሚጽፈው ሰው የጮኺዎቹ እኩያ ነበር። የሌላ ጋዜጣ የአርባ ዓመት ሰው ያን ማድረግ አይችልም።

ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ገደማ ኤንኤምኢ የሚያስፈራ ጋዜጣ ሆነ። ለአንድ አልበም ግምገማ አንድ ገጽ ይሰጣል፤ ግማሹ ስለ አልበሙ አይደለም። ስለ መንግሥት፣ ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ፈረንሳይ ፈላስፎች ይወራል። እውነቱን ለመናገር ከነዚያ ጽሑፎች ውስጥ ጸሐፊው ራሱም የገባው የማይመስሉ አሉ። ቢሆንም አንባቢው ይገዛ ነበር። ለምን? ምክንያቱ የድሮ ሰው የሚያስታውሰው ነው። ሸክላ ውድ ነበር፤ ሳይሰሙ ነበር የሚገዙት። ራዲዮኑ የሚያጫውተው ጥቂቱን ነው። አንድ የክፍለ ሀገር ጎረምሳ የኪስ ገንዘቡን አጠራቅሞ በወር አንድ አልበም ሊገዛ ሲል፣ “ይህን ግዛ፣ ያን ተው” የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ከዋሸው ገንዘቡ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ሐያሲውና አንባቢው መካከል የገንዘብ ውል ነበር፤ የሸክላ ኩባንያው ማስታወቂያ ውሉን ሊያጣምመው ይችላል፤ ሊቀደው ግን አይችልም። ጎረምሳው ከተታለለ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጋዜጣ ይገዛል።

ደግሞ አንድ ቅጂ አንድ ሰው ብቻ አያነበውም። ትምህርት ቤት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ወረቀቱ ርካሽ፣ ቀለሙ የሚለቅ ነበርና የጨረሰው ሁሉ ጣቱ ይጠቁራል። (አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ በኪራይ ላነበበ ሰው ስርጭትና አንባቢ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማስረዳት አያስፈልግም።) አንባቢዎቹም ዝም ብለው የሚያነቡ አልነበሩም። በ1970ዎቹ ከማንቸስተር የተቆጣ ደብዳቤ እየላከ ጋዜጣውን ሲያስቸግር የነበረ ልጅ ነበር፤ ሞሪሲ ይባላል። በ1980ዎቹ ዘ ስሚዝስ የተባለውን ባንድ ይዞ ብቅ ሲል በአንባብያን ምርጫ በተደጋጋሚ አሸነፈ። በ1992 ደግሞ መድረክ ላይ የብሪታንያን ባንዲራ ተከናንቦ ሲወጣ፣ ከዘረኞች ጋር እየተሽኮረመምክ ነው ወይ ብሎ ሽፋኑ ላይ አውጥቶ የጠየቀው ይኸው ጋዜጣ ነው። ሰውዬው አኩርፎ ለዓመታት አላናገራቸውም። ደብዳቤ ጸሐፊያቸው፣ ጀግናቸው፣ ሽያጫቸው ነበር እኮ! አንድ አዘጋጅ እንዲህ ዓይነቱን ሰው በሽፋን ሲሞግት ምን እንደሚያጣ ያውቃል።

አሁን ወደ እኛ ቤት የገባውን ነገር ላንሣ። ኦክቶበር 1984 ላይ የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ እንግሊዝን አስለቀሰ። ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የአገሩን ታላላቅ ዘፋኞች ሰብስበው “ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?” የሚል ነጠላ ዜማ ሠሩ። በዲሴምበር ወጣ፤ አምስት ሳምንት አንደኛ ሆነ፤ እስከዚያ ድረስ በብሪታንያ ታሪክ እንደሱ በፍጥነት የተሸጠ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ያን ዘፈን መንቀፍ የተራበ ሕፃን እንደ መምታት የሚቆጠር ነበር። ኤንኤምኢ ምን አለ? በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ ምክንያቱ ትክክል ነው፣ ዘፈኑ ግን የበሰበሰ ነው ብሎ አለፈ።

እኔ ይህን ዐረፍተ ነገር በጋዜጣው ታሪክ ከተጻፉት ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ገንዘቡ ሕይወት አላዳነም ማለቴ አይደለም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ ተሰብስቧል፤ የእህል ከረጢቱ የደረሳት እናት የዜማውን ጥራት አትጠይቅም። ነገር ግን ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ክርስትናን ለያዘች፣ ገናን በታኅሣሥ 29 በላሊበላ ቤዛ ኩሉ እያለች ለምታከብር አገር “ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?” ተብሎ ሲዘፈን፣ ዝም ያላለ ሰው መኖሩ ደስ ይለኛል። ልብ በሉ፣ ጋዜጣው ስለ እኛ ክብር ተቆርቁሮ አይደለም እንዲህ ያለው፤ ስለ ገናችን የሚያውቀው ነገር ስለመኖሩ ምንም ምልክት የለም። ዘፈኑ መጥፎ ነው፤ መጥፎ ነው አለ። በቃ። አንባቢውም ዘፈኑን እየገዛ ጋዜጣውንም መግዛቱን አላቆመም። ሁለቱ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችሉ ነበር፤ ዛሬ ይህን ማድረግ የሚችል አንባቢ ያለው ማን ነው?

አንባቢውን ብቻ እያሞገስኩ ግን አልቀጥልም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ዝግጅት ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን የጥቁር አሜሪካውያን ሂፕ ሆፕ የዘመኑ ዋና ሙዚቃ ነው፣ ሽፋኑን ይያዝ አለ። ሌላው ወገን አንባቢያችን የሚፈልገው ጊታር የያዙ ቀጫጭን የእንግሊዝ ልጆችን ነው አለ። ሐያስያኑ በ1987ም በ1988ም የዓመቱ ምርጥ አልበም ብለው የመረጡት የፐብሊክ ኤነሚን ነበር። በአንባብያን ምርጫ ግን ስሚዝስ ነበሩ የሚነግሡት። ራፐር ሽፋኑ ላይ ሲወጣ ሽያጩ ይወርዳል ይባል ነበር። ማን አሸነፈ ብትሉ፣ አንባቢው። ያም ማለት ሐቀኛ አድርጎ ያቆየው ያው ገዢ ጠባብም አድርጎታል። ጋዜጣው በ1990ዎቹ ያገኘው ትንሣኤ ከዚህ የመጣ ነው፤ በኦገስት 1995 ብለርና ኦዌሲስ በአንድ ቀን ነጠላ ዜማ ሲያወጡ ኤንኤምኢ እንደ ቦክስ ግጥሚያ ሽፋኑ ላይ አፋጠጣቸው። ብለር 274,000፣ ኦዌሲስ 216,000 ሸጡ። ዲኪንስ ስልክ እየደወለ የጀመረው ሰንጠረዥ የምሽት ዜና ሆነ። በዚያ ሽፋን ላይ ስለ ሙዚቃው ምን ተባለ? እምብዛም።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው፣ ምክንያቱም የሁሉም ጋዜጣ ታሪክ ነው። የጋዜጣው ድረ ገጽ በ1996 ተከፈተ። በ1926 የተወለደው ሜሎዲ ሜከር በ2000 ማብቂያ ተዘግቶ ኤንኤምኢ ውስጥ ተጨፈለቀ። ከዚያ ሙዚቃው ራሱ በነፃ ወደ ኮምፒውተሩ መጣ። ጎረምሳው አሁን ሰምቶ ነው የሚወስነው፤ ያውም መግዛት ካለበት። ያ የገንዘብ ውል ፈረሰ። በ2015 ሳምንታዊ ሽያጩ ወደ 15 ሺህ ገደማ ወርዶ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ባለቤቶቹ ጋዜጣውን በነፃ ለማደል የወሰኑት። ሴፕቴምበር 2015 ላይ ሪሃናን ሽፋኑ ላይ አድርገው በየባቡር ጣቢያው፣ በየዩኒቨርሲቲውና በየሱቁ አዳረሱት። ሂሳቡ ቀላል ነው። 15 ሺህ የሚከፍል አንባቢ ለማስታወቂያ አስነጋሪ ምኑም አይደለም፤ 300 ሺህ እጅ ግን ይሸጣል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ድሮ ጋዜጣው የሚሸጠው ለአንባቢው ነበር፤ አሁን የሚሸጠው አንባቢው ሆነ። ሽፋኑ ላይ የሚወጣው ሰው ባቡር የሚጠብቀውን ሁሉ የማያስቀይም መሆን አለበት፤ ፊልም፣ ልብስና ስልክም ገባበት። በነፃ የተሰጠህ ወረቀት ላይ ስለተጻፈ መጥፎ ግምገማ ደብዳቤ ጽፈህ ታውቃለህ? ማንም አይጽፍም፤ ወንበር ላይ ትቶት ይወርዳል።

የሚገርመው፣ ገጾቹ የ1964ቱን መምሰል መጀመራቸው ነው። ለስላሳ፣ የሚያሞጋግስ፣ የታዋቂ ሰው ፎቶ የበዛበት። ግን የ1964ቷ ልጃገረድ የምትወደውን ልጅ ፎቶ ቆርጣ ግድግዳዋ ላይ ለመለጠፍ ከፍላ ነው የገዛችው፤ ፎቶው ባይወጣ ታኮርፍ ነበር። የ2016ቱ መንገደኛ ጋዜጣው በማግስቱ ባይመጣም ልብ የሚለው አይመስለኝም። እንደተፈራውም በ2018 ሳይመጣ ቀረ።

ድረ ገጹ ቀጥሏል፤ ስሙ በ2019 ለአንድ የሲንጋፖር ኩባንያ ተሸጠ። በ2023 ደግሞ ወረቀቱ ተመልሷል፤ በየሳምንቱ ሳይሆን በየሁለት ወሩ፣ በተወሰነ ቅጂ፣ ሰብሳቢዎች እንዲሻሙበት ተብሎ። ይህኛው ወረቀት እንደ ድሮው ጣት የሚያጠቁር አይመስለኝም።