«እቀፊው!»

ያዲሳባ ሰው ለነፍሰ ጡር ምርቃት አይሰስትም። ታክሲ ውስጥ ገባ ስትል «በሰላም ይገላግልሽ» ይላታል። ሱቅ ደጃፍ ቆማ ካያት «ማርያም ትቅረብሽ» ይላታል። የማያውቃት ሽማግሌ እንኳ ባርኔጣውን ብድግ አድርጎ «አይዞሽ» ብሏት ያልፋል። ምርቃቱ የሚጠላ አይደለም። ችግሩ ከምርቃቱ ቀጥሎ የሚመጣው ትእዛዝ ነው። በእጇ የሁለት ዓመት ልጅ ከያዘች፣ ያ ሁሉ መራቂ ወዲያው አዛዥ ይሆንና «እቀፊው!» ይላታል።

ይህች ቃል በአንድ ቀን ስንት ጊዜ እንደምትነገር የቆጠርኩት ጥር ውስጥ በዋለ አንድ እሁድ ነው። ታናሽ እህቴ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር የሆነው ልጇ (ማሙሽ እንበለው) መሮጥ እንጂ መራመድ ገና አልተማረም። የሚኖሩት ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ለልጆች መጫወቻ ተብሎ የተተወው ቦታ የመኪና ማቆሚያ ከሆነ ቆይቷል። ክረምት ሲሆን ዝናቡና ጭቃው አያስወጣም። እንግዲህ ማሙሽ ደጅ የሚያየው በበጋ ነው ማለት ነው። «ዛሬስ ሣር ይርገጥ» ብላ ተነሣች። እኔም ዓመቱን ሙሉ ቃል ስገባ የከረምኩ አጎት ነኝና ተከተልኳት።

ገና ከደጅ ሳንወጣ እማዬ ተቃወመች። «በዚህ ፀሐይ? ምች ቢመታሽስ? ልጁንስ ዓይን ቢበላው?»

እማዬ ጨርሳ አልተሳሳተችም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይታወቀንም እንጂ፣ እንዲህ ባለ ከፍታ የፀሐዩ ጨረር ይበረታል። ነፍሰ ጡር ደግሞ ሰውነቷ ቶሎ ይሞቃል፣ ውሃም ቶሎ ያጥራታል። ታዲያ መፍትሔው ሰዓት መምረጥ ነው እንጂ በር መዝጋት አይደለም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ ባርኔጣና ውሃ ይዞ መውጣት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት ይላል። በ2020 ደግሞ ነፍሰ ጡር የሚከለክላት የጤና እክል ከሌለ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ መክሯል። በቀን ሦስት ሰዓት! እስቲ በአራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ሞክሩት። ሽርሽር ለእናትና ለልጅ ቅንጦት ነው የምትሉ ካላችሁ ሒሳቡ ይኸው ነው።

የመጀመሪያዋን «እቀፊው» የሰማነው ታክሲ ውስጥ ነው። እህቴ ብልህ ናትና ገና ስትሳፈር ለረዳቱ «የሱንም እከፍላለሁ፣ ጭኔ ላይ ቦታ የለም» አለችው። እውነቷን ነው፤ ጭኗን ሆዷ ይዞታል። ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ተቀበለ። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ግን በሩን ከፈተና «ጠጋ ጠጋ በሉ! እናቴ፣ ልጁን እቀፊው፣ ሰው ይሳፈር» አለ። ከፍያለሁ ብትል ማን ይስማት? ከኋላ የተቀመጡ እናት «አይዞሽ ልጄ፣ በሰላም ይገላግልሽ» አሏት። ከሦስታችን ጎረምሶች አንዳችንም አልተነሣንም። እኔም ከሦስቱ አንዱ እንደነበርኩ ልብ በሉልኝ።

በሰባተኛ ወር ሆድ ወደ ፊት ይገፋና ሚዛን ያስታል። መገጣጠሚያ ይላላል፣ ወገብ ያማል። እዚያ ላይ የሚፈራገጥ የ12 ኪሎ ልጅ ጨምሩበት። ብትወድቅ የምትወድቀው ብቻዋን አይደለም።

ፓርኩ ደረስን፤ ስሙን ልተወው። ማሙሽ ሣሩን ሲያይ እንደ ጥጃ ቦረቀ። ሦስት እርምጃ እንደሄደ ፊሽካ ተነፋ። «እህት፣ ሣሩን አይርገጥ፣ እቀፊው!» አለ ጥበቃው። ጥር ነውና እዚያው ሣር ላይ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ፎቶ ይነሣሉ። ሃያ ጥንድ ጫማ ሣሩን ሲደቁሰው ፊሽካው ዝም አለ። ለካ እነሱ ለፎቶ ከፍለዋል! አግዳሚ ወንበሮቹን ዘመዶቻቸው ይዘዋቸዋል። እህቴ ሽንት ቤት ፈለገች፤ ጽንሱ ፊኛን ስለሚጫን ነፍሰ ጡር ሽንቷን ቶሎ ቶሎ ይመጣባታል። ተቆልፏል። «ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ምሳ ወጥቷል» አሉን።

ከተማችን ምንም አልሠራችም ብዬ አልዋሽም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አንድነት፣ ወዳጅነት፣ እንጦጦ እያልን የምንቆጥራቸው ፓርኮች ተከፍተዋል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማትም ብዙ መንገድ ላይ የእግረኛው ቦታ ሰፍቷል። ደግ ነው። ነገር ግን ፓርክ የሚመዘነው በፏፏቴው ቁመትና በማታ መብራቱ ብቻ አይደለም። ሰባት ወር የሆናት ሴት በየስንት እርምጃው ማረፊያ ታገኛለች? ሽንት ቤቱ ክፍት ነው? ልጅ ሣር መርገጥ ይችላል? እነዚህን ሦስት ነገሮች ካላሟላ፣ ለፎቶ እንጂ ለሰው አልተሠራም።

ጥፋቱን ሁሉ በረዳቱና በጥበቃው ላይ ጭኜ እንዳልሄድ ደግሞ የገዛ ጉዴ ያዘኝ። ስንመለስ ማሙሽ ደከመውና አስፋልቱ ዳር ዘጭ ብሎ ተቀምጦ ይጮህ ጀመር። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። አፈርኩና «እቀፊው እንጂ!» አልኳት።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። «አንተም ጋሼ? ሆዴ ውስጥ ያለውንም እኔ፣ ይሄንንም እኔ፣ የውሃውንም ቦርሳ እኔ። አንተ ምን ይዘሃል?»

እጄን አየሁት። የያዝኩት ጋዜጣ ነበር።

አባትየው የት ሄዶ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። እሁድም ሥራ ገብቶ ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ለወላድ እናት 120 ቀን ፈቃድ ሲሰጥ፣ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። ማን እንደሚያቅፍ ሕጉም አስቀድሞ የነገረን ይመስላል። ግን ልጅን በሳምንት ግማሽ ቀን ደጅ ለማውጣት አዋጅ አያስፈልግም። አባት፣ አጎት፣ አያት፣ ጎረቤት ይበቃል። ከዚህ በኋላ «እቀፊው» ለማለት አፋችሁ ሲከፈት፣ ቃሉን ለውጡና «ልያዝልሽ» በሉ። ከምርቃቱ አይበልጥም፣ አይከብድም።

በሚቀጥለው እሁድ ገና በ1 ሰዓት ተነሣን። ቦርሳውም ማሙሽም እኔ ጋ ነበሩ፤ እህቴ እጇን እያወዛወዘች ከፊት ከፊት ሄደች። አንዲት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናት መንገድ ላይ አገኙንና እንደ ልማዳቸው «በሰላም ይገላግልሽ» አሏት። ቀጥለው እኔን አዩኝ። ትከሻዬ ላይ ማሙሽ ተኝቷል፤ ላቤ ይንቆረቆራል።

«አንተንም!» አሉኝ።